ንስሐ በአምስት ደቂቃ

ርካሹን የሜክሲኮ አክሽን ፊልም የሚንቁ ሰዎች ይገርሙኛል። እንደዚህ ግብረገብ የጠገበ ሲኒማ ከየት ሊያመጡ ነው? ሰማንያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አክተሩ ዕፅ ይጭናል፣ ድንበር ይሻገራል፣ ፖሊሱን ጉቦ ያጎርሳል፣ በሁለት ቆነጃጅት መሀል ተቀምጦ ተኪላውን ይጨልጣል። በቀሩት አምስት ደቂቃዎች በጥይት ተበሳስቶ አቧራ ላይ ይዘረራል፣ እናቱ ደረቷን ትመታለች፣ አለቀ። ይኸው፣ ወንጀል አያዋጣም! ተመልካቹም ትምህርቱን ቀስሞ፣ ስለ ሟቹ ፒካፕ እያወራ ወደ ቤቱ ይገባል።

በእርግጥ ስለ ፒካፑ ማውራቱ አይፈረድበትም። ብዙ ጊዜ የፊልሙ ርእስ ራሱ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ቀዩ መኪና ወንበዴዎች የሚያወራ ፊልም ወጣ። ከዚያ ግራጫው ፒካፕ መጣ፣ ቆይቶ ደግሞ ክራይስለር 300። ለሰው ስም ማውጣት ያደክማል። መኪና ስሙን ከፋብሪካ ይዞ ይወጣል።

ድርሰቱም ማንንም አያስጨንቅም፣ ከዘፈን ይወሰዳል። ኮሪዶ የሚሉት የትረካ ዘፈን አላቸው፤ በሦስት ደቂቃ ሰው ያፋቅራል፣ ይከዳል፣ ይገድላል። ሎስ ቲግሬስ ዴል ኖርቴ የተባሉት ሙዚቀኞች በ1970ዎቹ ስማቸውን የተከሉት በካሜሊያ ታሪክ ነው። ካሜሊያና ኤሚሊዮ የመኪናቸውን ጎማዎች በማሪዋና ጠቅጥቀው ከቲዋና በኩል ወደ አሜሪካ ይገባሉ። ሳን ክሌሜንቴ ላይ ይፈተሻሉ፣ ያልፋሉ። ሆሊውድ ሲደርሱ ጨለማ ጥግ ላይ አራቱንም ጎማ ይቀይራሉ፣ ብሩን ይቀበላሉ። ይሄኔ ኤሚሊዮ ድርሻዋን ሰጥቶ ሊሰናበታት ይነሳል፣ ለካ ሳን ፍራንሲስኮ የምትጠብቀው ሌላ ሴት አለችው። ሰባት ጥይት ይጮሃል። ፖሊስ ያገኘው የተጣለ ሽጉጥ ብቻ ነው፣ ካሜሊያና ብሩ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ፊልም ሠሪ ምን ይጨምር? በ1977 ይህንኑ ፊልም አደረጉት። ዘፈኑ ካሜሊያን በሕይወት ስለለቀቃት ደግሞ በዓመቱ ሌላ ፊልም ሠርተው ገደሏት። ሕግና ሥርዓት ያለበት አገር ነው።

የዘፋኞቹ ውለታም አይረሳም። በየፊልሙ የዕፅ ቦሱ ድግስ ይደግሳል፣ አኮርዲዮኑ ይጀምራል፣ ባንዱ ዘፈኑን ከመግቢያው እስከ መጨረሻው ይጫወታል። የታገተችው ልጅ ትጠብቅ። ሊያድናት የሚሮጠውም ይጠብቅ። ዘፈን ማቋረጥ ነውር ነው።

የጨዋነቱ መሠረት የተጣለው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በኤል ሳንቶ ዘመን ነው። ኤል ሳንቶ የሬስሊንግ ተጋጣሚ ነበር፣ ከ50 በላይ ፊልም ላይ የብርማ ጭምብሉን ሳያወልቅ ሠራ። ሪንግ ላይ ይታገላል፣ ከዚያ ወጥቶ ከቫምፓየር ሴቶች ጋር ይገጥማል፣ ሌላ ቀን ከጓናኋቶ ከተማ ደረቅ አስከሬኖች ጋር። ጭምብሉን አጥልቆ ስፖርት መኪና ይነዳል፣ ጭምብሉን አጥልቆ ሴት ያናግራል፣ አንድም ሰው "ወንድሜ፣ ፊትህስ?" አይለውም። በ1984 ሲሞት የተቀበረውም ከነጭምብሉ ነው። ታዲያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለ ድራኩላ ሀብት አንድ ፊልም ሠሩና በሁለት ቅጂ አወጡት፦ ለአገር ቤት ሴቶቹ የለበሱበት፣ ለውጭ ገበያ ያወለቁበት። ጨዋነት ለወገን፣ ራቁት ለውጭ ምንዛሪ። ከዚህ የበለጠ አገር ወዳድነት አላውቅም።

ማሪዮ አልማዳን ደግሞ ተነስቼ ነው የማመሰግነው። በ1922 ተወልዶ በ2016 እስኪሞት ከ300 በላይ ፊልም ላይ ታይቷል። ባርኔጣ፣ ፂም፣ ሽጉጥ። ወንድሙን ሲገድሉበትም፣ ቢራ ሲቀርብለትም ፊቱ ያው ነው። ወጣቶቹ ይሮጣሉ፣ ይንከባለላሉ፣ በመስኮት ይዘላሉ፤ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አሥር ሰው ተኩሶ ይስታል፣ እሱ አንዴ ይተኩሳል። በ2010 የዕፅ ጦርነቱን በሚያላግጠው ኤል ኢንፊየርኖ ፊልም ላይ ሲታይ 88 ዓመቱ ነበር። እኛ በስልሳ ጡረታ ውጡ ስንባል እናኮርፋለን!

ሴቶችም አልተረሱም። በ1983 ሎላ የምትባል ተሳቢ ነጂ መጣች፣ ሮሳ ግሎሪያ ቻጎያን የሠራቻት። አባቷ ዕፅ አልጭንም ብሎ ተገደለ፣ እሷ መሪውን ይዛ ደሙን ልትመልስ ወጣች። እውነቱን ለመናገር ደስ ትላለች። እርግጥ ካሜራው ከመሪው ይልቅ እግሯን ነው አዘውትሮ የሚያየው፣ ግን ይህም የመንገድ ደኅንነት ትምህርት ይሆናል። ሁለት ተከታይ ፊልም ወጣላት።

ከዚያ ቪዲዮ መጣና ሲኒማ ቤት መለመን ቀረ። በጥቂት ሳምንት ይቀረጻል፣ በካሴት ይባዛል፣ ሎስ አንጀለስና ቴክሳስ ላሉት ስደተኞች ይላካል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪገዝ ኤል ማሪያቺ የተባለውን ፊልም በ7,000 ዶላር ገደማ የሠራው ለዚሁ የስፓኒሽ ቪዲዮ ገበያ ብሎ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፊልሙ ጥሩ ሆነበት። የሆሊውዱ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ወሰደውና ልጁ ከሙያው ወጥቶ ሆሊውድ ቀረ።

ፊልሙ ላይ የሚታየው ፒካፕ የማን ነው፣ ያ ገንዳ ያለው ቪላ የማን ነው፣ ሽጉጡስ የእውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም። ቤት ያዋሰ ሰው ስሙ አይጠየቅም።

የሜክሲኮዋ ሲናሎዋ ግዛት አገረ ገዥ ግን ይህ ሁሉ አልገባውም። በ2011 ስለ ዕፅ ነጋዴዎች የሚዘፈን ኮሪዶ በቡና ቤትና በጭፈራ ቤት እንዳይሰማ አገደ። ሰዉ ዘፈኑን ባይሰማ ኖሮ ኮንትሮባንድ የሚባል ነገር መኖሩን ከየት ይሰማል ብሎ ይሆናል። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረበት።

ተመልካቹ ለምን እንደማይሰለቸው ግን ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው አጥር ግቢ ሣር ሲያጭድ የዋለ፣ የኢሚግሬሽን መኪና ባየ ቁጥር ልቡ የሚከዳው ሰው፣ ማታ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የእሱን ስፓኒሽ የሚናገር ባለ ባርኔጣ የድንበር ፖሊሶችን ሲያታልል ያያል። ማን ይሰለቸዋል? ፖሊሱ ሲወድቅ እኔም አጨበጭባለሁ።

የማዝነው በአሁኖቹ ነው። በውድ ካሜራ የሚቀረጹት ተከታታይ ድራማዎች ቦሱን በረንዳ ላይ አቁመው ሩቅ ያሳዩታል፣ ያተክዙታል፣ ስለ ልጅነቱ ያሳስቡታል። ያው ዕፅ፣ ያው ሽጉጥ፣ ያው ቪላ ነው። ልዩነቱ አሥር ሰዓት መፍጀቱና ሃያሲው ብድግ ብሎ ጥበብ ነው ማለቱ ነው።