የ1966ቱ አሊ በታይሰን አይዘረርም

አንድ ጸሐፊ «እ.ኤ.አ. የ1988ቱ ማይክ ታይሰን መሐመድ አሊን በአራት ዙር ውስጥ ይዘርረው ነበር» ያሉትን ፈጽሞ አልቀበልም። ታይሰን ቡጢኛውን ማይክል ስፒንክስን በ91 ሰከንድ ማሰናበቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስፒንክስ ገና ወደ መድረኩ ሲወጣ ፍርሃቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። አሊ ግን ያን ሁሉ ሰው ያንቀጠቀጠውን ሶኒ ሊስተንን ፊት ለፊት የተሳለቀበት ቡጢኛ ነው!

እባካችሁ አሊ እ.ኤ.አ. በ1966 ሂውስተን ላይ ከክሊቭላንድ ዊሊያምስ ጋር ያደረገውን ግጥሚያ ተመልከቱ። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ግራ እጁን ይሰነዝራል፤ ዊሊያምስ መልሶ ሲሰነዝር አሊ እዚያ ቦታ የለም። በሦስተኛው ዙር አለቀ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 የሆነው ታይሰን ያንን የአሊን ረጅም እጅ አልፎ መግባት አለበት። በስተር ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1990 ቶኪዮ ላይ ታይሰንን የዘረረው መንገዱን በዚሁ ቀጥተኛ የግራ ቡጢ ጠርጎ ነው።

የሚያሰጋኝ ታይሰን ከጎን የሚያመጣው የግራ ቡጢ ብቻ ነው። ጆ ፍሬዘርም እ.ኤ.አ. በ1971 አሊን በ15ኛው ዙር የጣለው በእንዲህ ያለው ነበር፤ ያ አሊ ግን ከሦስት ዓመት በላይ ከመድረክ ታግዶ የተመለሰው፣ እግሩ የከበደው አሊ ነው። የ1966ቱ አሊ የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ከተሻገረ፣ ታይሰን ከአሥረኛው ዙር አያልፍም።