ለናይጄሪያውያን ወገኖቼ፣ በእናቴ ቋንቋ

ወገኖቼ፣ ይህን እንደማታነቡት አውቃለሁ። ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ከሆናችሁት መካከል አማርኛ የሚያነብ በጣት የሚቆጠር ነው። በእንግሊዝኛ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ቀደድኩት። የእኔ እንግሊዝኛ የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ «በአክብሮት እንገልጻለን» ማለት እንጂ መቆጣት አያውቅም። አንጀቱ የተቃጠለ ሰው የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለእናንተ የምለውን የአገሬ ልጆች ይስሙልኝ።

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ናይጄሪያዊ አግብቼ አቡጃ ከገባሁ ሃያ አራት ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ዜግነቴንም ለውጫለሁ። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የድሮ ፓስፖርቴን ስመልስ አልቅሻለሁ፤ ግን መልሻለሁ። እንግዲህ የምናገራችሁ ከደጅ ቆሜ አይደለም። ከውስጥ ነኝ፣ ከዕዳውም አለሁበት።

ይቅር ልል ያልቻልኩት ነገር የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዘመን ሁሉ በዚሁ ነው) ኖቬምበር 1 ቀን 2024፣ ዓርብ ዕለት ነው። ረስታችሁታል። ሦስት ጎረቤቶቼን ጠይቄ አንዷ ብቻ «አዎን፣ እነዚያ ልጆች» አለችኝ። እንግዲያውስ እንደገና ልንገራችሁ።

በአቡጃ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት 76 ሰዎች ለክስ ቀረቡ። ከእነርሱ 29ኙ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 የሆኑ ልጆች ነበሩ። አብዛኞቹ ከሰሜን ናቸው፤ ከካኖ፣ ከካዱና። ክሶቹ አሥር ሲሆኑ አንዱ የአገር ክህደት ነበር። የአገር ክህደት በእኛ ሕግ በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በ2003 የወጣው የሕፃናት መብት ሕግ ሕፃን በሞት እንደማይቀጣ በግልጽ እየደነገገ፣ ቀጭን አንገት ያላቸው ልጆች በሞት በሚያስቀጣ ክስ ተሰለፉ። እነዚህ ልጆች በኦገስት በተካሄደው የኑሮ ውድነት ተቃውሞ ተይዘው ከዚያ ጀምሮ ታስረው ነበር፤ ዘጠና ቀን ያህል።

ቪዲዮውን አይታችሁታል። የልጆቹ ሸሚዝ ከትከሻቸው ላይ እንደ ገመድ ላይ ልብስ ተንጠልጥሏል። ውኃና ብስኩት ሲቀርብላቸው ይሻሙ ነበር፤ አንዱ ብስኩቱን ከማኘኩ በፊት ሌላውን ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። የጠገበ ሰው እንዲህ አይበላም። ከዚያ ቢያንስ አራቱ የእምነት ክህደት ቃላቸውን ሳይሰጡ ወደቁ። አንዱ ወለሉ ላይ ሆዱን ይዞ ሲንፈራገጥ ከበላዩ ጥቁር ካባ የለበሱ ሰዎች ቆመው ያያሉ። እኔ ከሁሉ ነገር ያ ወለል ነው የማይረሳኝ፤ የፍርድ ቤቱ ወለል በጣም ንጹሕ ነበር።

ፖሊስ በመግለጫው ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ? ልጆቹ የወደቁት ሆን ተብሎ በተቀነባበረ ድርጊት ነው አለ። ትያትር ነው ማለቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሆነውን ልጅ ሦስት ወር አስርቦ ሲወድቅ ጥሩ ተዋናይ ነህ የሚል መንግሥት ምን ይባላል? አላውቅም፤ በአማርኛም ቃል አጣሁለት።

የዋስትናው ነገር ደግሞ አለ። ለእያንዳንዱ 10 ሚሊዮን ናይራ ተጠየቀ። በዚያው ዓመት ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ30,000 ወደ 70,000 ናይራ ከፍ ብሎ በየሬዲዮው ሲጨበጨብለት ነበር። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ሠራተኛ ሳይበላ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ሳይታመም አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ደመወዙን ሙሉ ቢያጠራቅም ነው ያንን ገንዘብ የሚያገኘው። የጠፋው ቀለብ ነው ብለው ሠልፍ ለወጡ ልጆች የተጠየቀ ገንዘብ ይህ ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ኖቬምበር 4፣ ፕሬዚዳንት ቲኑቡ ልጆቹ ባስቸኳይ እንዲፈቱ አዘዙ። ማክሰኞ ክሱ ተሰረዘ። ልጆቹ ወደ ቤተ መንግሥት ተወስደው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ተቀበሏቸው፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ለየአገረ ገዢዎቻቸው ተሰጡ። ካዱና ሲደርሱ ስልክና ገንዘብ ተሰጣቸው። ስልክ! የልጁን ሦስት ወር ወስደህ ስልክ ትሰጠዋለህ። እኛም «ተመስገን፣ ተፈቱ» ብለን ወደየጄኔሬተራችን ተመለስን።

አንድ ነገር ግን ልጠይቃችሁ። ዓርብ ቪዲዮው ወጣ፣ ቅዳሜና እሑድ አገሩ ጮኸ፣ ሰኞ የመፍቻው ትእዛዝ ወጣ። አራት ቀን አልፈጀም። ጩኸታችን ይሠራል ማለት ነው! እንግዲያውስ ዘጠናውን ቀን የት ነበርን? ልጆቹ መታሰራቸው በኦገስት ምሥጢር አልነበረም። ሰዎች በየከተማው ሲታፈሱ አይተናል። አንዳንድ ሠልፈኞች የሩሲያ ባንዲራ አውለበለቡ ተብሎ ካኖ ውስጥ ባንዲራውን የሰፉ ልብስ ሰፊዎች ሳይቀሩ ሲታሰሩ ሰምተናል፤ ሰምተንም ስቀናል። ሞስኮ ከአቡጃ ትቅረብ ትራቅ የማያውቅ ልጅ ባንዲራ ያነሣው ጨርቁን ያየ ሰው ዞር ብሎ እርሱንም እንዲያየው ነበር። አላየነውም። ልናየው የቻልነው ሲወድቅ ነው።

ለምን እንደወጡ ልንገራችሁ? እናንተው ታውቁታላችሁ። ሜይ 29 ቀን 2023 ፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ዕለት የነዳጅ ድጎማው ቀርቷል አሉ። ከ200 ናይራ በታች የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በዓመት ከአምስት ወር ውስጥ ከ1,000 በላይ ገባ። ጋሪውም፣ ቲማቲሙም፣ ሩዙም ቤንዚን ተከትሎ ወጣ። (ጋሪ ስል በእኛ በአማርኛው የሚገፋውን አይደለም፤ እዚህ ጋሪ የሚበላ ነው፣ የካሳቫ ዱቄት፣ የድኻ የመጨረሻ ምሽግ።) በአፍሪካ ከፍተኛ ድፍድፍ ነዳጅ ከሚሸጡት አንዷ የሆነች አገር ለብዙ ዓመታት ቤንዚኑን ከውጭ እየገዛች ዜጎቿን በማደያ ሰልፍ አስረጀች። የአገሬ ሰው «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ለዚህ ነበር የሚመስለኝ። በ2024 አጋማሽ የዋጋ ንረቱ ከመቶ 34 በላይ ሲደርስ ልጆቹ ወጡ። እኛ አልወጣንም። እኛ የምንበላው ነበረን፤ ቀንሰን፣ ግን ነበረን።

እኛ ስል እኔን ነው። አሁን የራሴን ልናገር።

ኦገስት 1 ቀን 2024 ጠዋት መንገዱ ተዘግቶ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬ አመለጠኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ በንዴት ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ፦ «የእነዚህ ልጆች ወላጆች የት አሉ?» አልኩ። ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ፣ ማንም እንዳይሰማኝ። ቤት ገብቼ ቡና አፈላሁ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ውኃው ከራሳችን ጉድጓድ ይመጣል። በሩን የራሳችን ዘበኛ ይጠብቃል። የታመመ ልጅ የግል ሆስፒታል ይሄዳል፣ ጤነኛው የግል ትምህርት ቤት። አያችሁ ወገኖቼ፣ እያንዳንዳችን በአጥራችን ውስጥ ትንሽ መንግሥት አቋቁመናል፤ የመብራት ሚኒስትርም እኛ፣ የውኃም እኛ፣ የጸጥታም እኛ። ስለዚህ የውጭው መንግሥት ቢሠራም ባይሠራም ግድ አይሰጠንም። ግድ የሚሰጠው አጥር የሌለው ብቻ ነው። እርሱም አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፅ መስጠት አይችልም።

ድምፅ ካነሣን ደግሞ፣ በ2023ቱ ምርጫ ከ93 ሚሊዮን በላይ ተመዝግበን ነበር። ድምፅ የሰጠነው ከአራት ሰው አንድ ብንባል ነው። ምርጫው ተጭበርብሯል የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ ውጤቱም በተባለው ሰዓት መረብ ላይ አልተጫነም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከቤት ላልወጣነው ለእኛ ይህ ሰበብ ነው። የእኔ ካርድ በመሳቢያ ውስጥ ነበር። ያን ዕለት ሰልፉን በመስኮት አይቼ ፀሐዩ ከበደኝ። እንጀራ ጋገርኩ። ዜግነት ለመውሰድ ባንዲራ ፊት ቆሜ የማልሁ ሴት፣ ፀሐይ ከበደኝ!

ሌላም አለ፤ እስከ ዛሬ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም። ዉሴ ገበያ ስሄድ ዕቃዬን በአንድ እግር ጋሪ የሚገፋልኝ ልጅ ነበር። የሃውሳ ልጅ ነው፤ አሥራ አምስት ቢሆነው ነው። ሁሉንም ሴት «ሃጂያ»፣ መካ ደርሳ የመጣች እንደማለት፣ ነበር የሚለው፤ እኔ አንገቴ ላይ መስቀል እያየ «ሃጂያ» ይለኛል፣ እኔም አላርመውም። እንቁላሉን ከላይ፣ ያሙን ከታች ያደርጋል። አንድ ቀን ጎማው ተንፍሶበት ድንቹን በሁለት ዙር በጭንቅላቱ ተሸክሞ አምጥቶልኛል። ሁለት ዓመት ያህል ገፋልኝ። ከኦገስት ወዲህ አላየሁትም። ስመጣ የሚሮጥልኝ ሌላ ልጅ ነበር፤ ለእርሱ ሰጠሁ፣ አልጠየቅኩም።

የኖቬምበሩን ቪዲዮ ሳይ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። ቪዲዮውን እያቆምኩ በየልጁ ፊት ላይ የእርሱን ፊት ፈለግኩ። ያንን አየሁ፣ ይህንን አየሁ። የለም። ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታዬ አሳፈረኝ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የማን ናቸው? ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፦ ስሙን ማስታወስ ሞከርኩ፤ አላውቀውም። ሁለት ዓመት እንቁላሌን ያልሰበረብኝን ልጅ ስም ጠይቄው አላውቅም። ፍርድ ቤት ሄጄ «እገሌ የሚባል ልጅ አለ ወይ?» ብል እንኳ «እገሌ» የምለው አልነበረኝም። ምናልባት አገሩ ገብቶ ይሆናል። ምናልባት ሌጎስ ሄዷል። ምናልባት።

እናንተ ደግሞ አንድ ቃል አላችሁ፤ ስመጣ ወድጄው ነበር፣ አሁን ግን ስሰማው ጥርሴን ነው የሚያመኝ። «ኢ ጎ ቤተር»፤ ይሻላል፣ ደህና ይሆናል። ማደያ ላይ አራት ሰዓት ተሰልፈን፣ ኢ ጎ ቤተር። የአባት ጡረታ ለዓመታት ሳይከፈል ቀርቶ፣ ኢ ጎ ቤተር። ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መምህራኑ አድማ መትተው አራቱ ዓመት ስድስት ሲሆን፣ ኢ ጎ ቤተር። እኔ በልጅነቴ በደርግ ዘመን ያየሁት ዝምታ ሌላ ነበር፤ ያ ዝምታ ከጥይት የመጣ ነው። የእናንተ ሳቅና ጸሎት ያለበት ዝምታ ነው፣ ስለዚህ ዝምታ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። መሪዎቻችንም በሚገባ ያውቁታል። ቀልድ እንሠራለን፣ ቀልዱን እንላላካለን፣ ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን፣ ከዚያም እንተኛለን። «ጃፓ»፣ አምልጥ እንደማለት፣ የሚል ቃል ፈጥረን ልጆቻችንን ወደ ካናዳና ወደ ለንደን እናሸሻለን። የእኔም የበኩር ልጅ ሄዷል። ማን ማንን ይገሥጻል?

አንዳንድ ጊዜ ቁጣዬ ሲበርድ አዝንላችኋለሁ፤ ለእኛ አዝናለሁ። ክፉ ሰዎች አይደላችሁም። ባለቤቴ በታመመበት ዓመት በሬን ሳያንኳኩ ሾርባ ይዘው የሚገቡ ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ ዮሩባም፣ ኢግቦም፣ ሃውሳም። ለአንድ በሽተኛ እንዲህ የሚሆን ሕዝብ ለ29 ልጆች ዘጠና ቀን እንዴት ተኛ? ይህን ጥያቄ ለጎረቤቴ ሳቀርብላት ዝም ብላ አሰበችና «አላየናቸውማ» አለችኝ። ላይሆን ይችላል። ግን ሌላ መልስ የለኝም።

በ2027 ደግሞ ምርጫ አለ። ካርዴን ከመሳቢያ አውጥቼ በቡና ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጥኩት ሳምንት ሆነኝ። አቧራ ይጠጣል፤ እጠርገዋለሁ። ያን ቀን ፀሐዩ እንደሚከብድ ከአሁኑ አውቀዋለሁ፤ ጃንጥላ ገዝቻለሁ። ከዚህ የበለጠ ተስፋ ከእኔ አትጠብቁ፣ ስድሳ ልሞላ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዉሴ ገበያ ሄድኩ። ጋሪውን እየገፋ የመጣው አሥራ ሦስት የሚሆን ልጅ ነው፤ ጫማው የተለያየ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ አንዱ ጥቁር። ዕቃዬን ጭኖ ሲጨርስ በተሰባበረች ሃውሳዬ «ሱናንካ?» ብዬ ስሙን ጠየቅኩት። ልጁ የጋሪውን እጀታ ለቀቀ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና ዙሪያውን አየ፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እንዳለ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ሃጂያ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።