ማስተካከያ፦ ስለ ፊያት 500 ሞተር አቀማመጥ

ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የወጣችው ፊያት 500 ከፊት የተቀመጠና በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር እንዳላት ተገልጾ ነበር። ይህ የሚስማማው እ.ኤ.አ. በ1936 ለተሠራችው ለቀዳሚዋ «ቶፖሊኖ» ብቻ ነው። ሁለቱንም የነደፉት ኢንጂነር ዳንቴ ጃኮዛ ቢሆኑም፣ ርዝመቷ 3 ሜትር የማይሞላው አዲሲቱ መኪና 479 ሲሲ የሆነውን፣ ባለሁለት ሲሊንደርና በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተሯን የተሸከመችው ከኋላ ነበር፤ ስለዚህም ራዲያተር የላትም፣ የፊት ኮፈኗ ሲከፈትም የሚታየው የነዳጅ ሰልባትዮው፣ ባትሪውና ስኮርት ጎማው ነው። አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት ታውቃት የነበረችው ፊያት 600 ደግሞ፣ ሞተሯ ከኋላ ቢሆንም ባለአራት ሲሊንደርና በውኃ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ከዚህችኛዋ ጋር ልትምታታ አይገባም፤ መምታታቱ ግን የተለመደ ነው።