ለሌባ የሚያዝን መንገደኛ

እንግዳ ተቀባይነታችንን ዓለም ያውቀዋል። ያልተዘመረለት ግን ለሰው አገር ሌባ ያለን ርኅራኄ ነው። በተለይ ወደ ጆሃንስበርግ የሚወጣው ወገናችን በዚህ በኩል የደረሰበት ደረጃ ያኮራል።

ደቡብ አፍሪካ ፖሊሷ በየሩብ ዓመቱ ሰብሰብ ብሎ የወንጀል ቁጥር የሚያነብባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የበጀት ዓመት ብቻ ከ27 ሺህ በላይ ሰው ተገድሏል። እኛን ግን ቁጥር አይነካንም፤ ጸሎት አለን።

የድሮውን ሌባ ድካም አስቡት እስቲ። ኦሊቨር ታምቦ ኤርፖርት ተገትሮ፣ ከሚወጣው መንገደኛ መሀል ብር የያዘውን በዓይኑ መርጦ፣ የተሳፈረበትን መኪና ለይቶ፣ እስከ ደጁ ተከትሎ ነበር የሚዘርፈው። ከኤርፖርት እየተከተሉ መዝረፍ እዚያ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ነዳጅ ይበላል፣ ጊዜ ይፈጃል። ይህን ልፋት አይቶ አንጀቱ ያልቻለው መንገደኛችን መረጃውን ገና ከቦሌ በነጻ ማቀበል ጀመረ። ፓስፖርት ላይ የተጋደመ የመሳፈሪያ ወረቀት፣ የበረራ ቁጥሩ እንዲነበብ ተጠግቶ የተነሳ፣ ከሥሩ «ጆበርግ ጠብቂኝ!» የሚል። ጆበርግ ደግሞ ቃሏን አታጥፍም፤ ትጠብቃለች።

ሲደርስ የሚለጠፈው ፎቶ እንደ ጥበብ ሥራ ሊጠና ይገባዋል። እቅፍ አበባ አለ። አንገት ላይ ሦስት ድርብ ሀብል አለ፣ አበባው እንዳይሸፍነው ወደ ጎን ተደርጓል። ተቀባዩ አጎት የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ ፈገግ ብሏል። ከኋላ ነጩ መኪና፣ ታርጋው መጨረሻው ላይ እስካሉት «ጂፒ» ፊደላት ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። የጎደለው ሊብሬው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጄፒ ነው፤ ወገናችን የሚነግድበት የጆበርግ መሀል ከተማ ሰፈር። ዓመታት እዚያ የነገዱት ልጆች «ወንድሜ፣ ስልክህን ኪስህ ክተት» ይሉታል። ፈሪዎች! እሱ ስልኩን ክንዱ እስኪዘረጋ ዘርግቶ አገር ቤት በቪዲዮ ይደውላል።

«እማዬ፣ ፎቁን አየሽው?»

«አየሁት የኔ ልጅ፣ እስቲ ወደ ቀኝ አዙረው።»

ስልኩ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከዚያ በጣም ይፈጥናል። እናት ለጥቂት ሰከንድ የሚሮጥ አስፋልትና የማታውቀውን ሰው ጫማ ታያለች።

ሮቦት ላይ (የትራፊክ መብራቱን እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት) መኪና ሲቆም ቦርሳን ጭን ላይ ማስቀመጥም የአሳቢነት ምልክት ነው። መስታወት ሰባሪው ከወንበር ሥር ሲፈልግ ወገቡ ይቀጫል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሕግ አክባሪነታችን ነው። በጆበርግ ሰማያዊ መብራት እያበራ መኪና የሚያስቆም ሁሉ ፖሊስ አይደለም። ስለዚህ የነቃው የአገሬው ሹፌር የጠረጠረ እንደሆነ ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ይነዳል፤ ወደ ፖሊስ ቁጥር 10111 ይደወላል። አጎትም ይህንኑ ሊያደርግ ሲል የኋላ ወንበር ላይ ያለው እንግዳ በእፍረት ይሞታል። «ኧረ ጋሼ፣ ቁምላቸው እንጂ! ምን ይሉናል?» እነሱም ብዙ አይሉም። ሥራቸውን ሠርተው ይሄዳሉ።

ፎቶው ሥር ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ይረባረባል። «እልልል!» «ወርቁ ያምራል፣ እውነተኛ ነው?» «የት ሰፈር ነው ያረፍከው?» መንገደኛችን ጥያቄ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ስለሆነበት ለሁሉም ይመልሳል፦ እውነተኛ ነው፣ ሰፈሩ ይኼ ነው፣ እሁድ ሁላችንም ሠርግ ስለምንሄድ ቤት አንገኝም።

አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። እዚያ ብዙ የታጠሩ ግቢዎች ለእንግዳ በስልክ የሚላክ የበር ኮድ አላቸው። ይህን ሁሉ ቸርነት ካየሁ በኋላ ኮዱን የለጠፈ አንድ ሰው እንኳ አላጋጠመኝም። ስስት ካልሆነ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።