ማሽኑ የሚለካው ድንጋጤን ነው

ወንድሜ፣ «ባለሥልጣናቱን የውሸት መመርመሪያ ላይ ቢያስቀምጧቸው ሐሰተኛው ወዲያው ይለይ ነበር» ላልከው እርማት አለኝ። ማሽኑ ውሸትን አያውቅም። የሚመዘግበው የደም ግፊትን፣ ትንፋሽንና የጣት ላብን ነው። እውነት እየተናገረ የሚርበተበት አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽም ሞልቷል። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ባልደረባ አልድሪች ኤምስ ለሶቭየት ኅብረት እየሰለለ በ1986 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ተመርምሮ ሁለቱንም አልፏል። የተያዘው በ1994 ነው፤ ያጋለጠውም ማሽኑ ሳይሆን የባንክ ሒሳቡና በደመወዙ የማይገኝ ኑሮው ነው። ቤቱን የገዛው 540,000 ዶላር እጅ በእጅ ከፍሎ ነበር።

«ዓይኔን ካላየኝ ዋሽቷል» የሚባለውም ከዚህ አይሻልም። እኛ ዘንድ ልጅ አባቱ ፊት አንገቱን የሚደፋው አክብሮ ነው። እኔ ራሴ ኬላ ላይ መታወቂያ ሳወጣ፣ ምንም ሳይኖርብኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።