ባለቤቱን ካልናቁ

ቅዳሜ ዕለት አራት ኪሎ፣ አንዲት ምሳ ቤት ውስጥ አራት ሆነን በየዓይነቱ አዝዘን ነበር። ወሬው የተነሣው ከመድኃኒት ዋጋ ነው። አንዱ ወዳጃችን ለእናቱ የታዘዘውን መድኃኒት አምስት ፋርማሲ ዞሮ ቢያገኘውም፣ ገንዘቡ ስላልበቃው ግማሹን ብቻ ገዝቶ ተመልሷል። ዕቃ አስመጪው ጓደኛችን ግን ወዲያው ለኩባንያዎቹ ጥብቅና ቆመ። "የፈጠራ ባለቤትነት መብት ባይኖር ማን ይደክማል?" አለ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመው፤ ሲጮኽ ነገሩ የሚጠነክር ይመስለዋል።

ጡረታ የወጡት መምህር የቆረሱትን እንጀራ ከፍ አድርገው አሳዩት። "ይህንንስ ማን ፈጠረው ልጄ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!" አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሮ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ መብት ሰጥቶ ነበር። እህሉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ መፈጨቱ ፈጠራ ተባለ። እናቶቻችን ጤፍ በጎተራ አሳድረው ሲያስፈጩ የኖሩት ምን ሊባል ነው?

"ፍርድ ቤት ሰርዞት የለ? ሥርዓቱ ራሱን አርሟል" አለ አስመጪው። አዎ፣ የኔዘርላንዱ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያ አገር ሰርዞታል። ግን የጎጃም ገበሬ ከሶ አይደለም፤ እዚያው አገር ሁለት ኩባንያዎች በጤፋችን ሲካሰሱ ነው። በእነዚያ 11 ዓመታት ባለቤቱ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይኸው ነው!

እኔም ዝም ማለት አልቻልሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በዓመቱ የህንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ350 ዶላር አቀረበው። ያን ጊዜ የህንድ ሕግ መድኃኒቱን ራሱን በፓተንት አያስርም ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ በዚያ የዋጋ ልዩነት መካከል ስንት ሰው ቀበርን! አስመጪው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ "ንግድ ንግድ ነው" ብሎ ወጡን ጠረገ።

ይሁን እንጂ የውጭውን ብቻ ልከስስ አልችልም። በዚህ ዘመን አጥራችንን መነቅነቅ የጀመርነው እኛው ነን። የራሳችንን እህል፣ የራሳችንን አዋቂ የምናከብረው ሌላ አገር ማኅተም ከመታበት በኋላ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ... የናቅነው ራሳችንን ነው። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ፣ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መድኃኒት አገኘ። ሒሳብ የተቀበለንን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ እንዶድ ጠየቅሁት። "አያቴ ልብስ ታጥብበት ነበር" አለኝ። ከዚያ በላይ የነገረው ሰው የለም።