«ጆሮ የለዎትም» ተባልኩ፤ ያውም በአንቱታ

አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ክራሩ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እሱም ያፈረ ይመስላል።

የክራር ትምህርት ክፍሌን ታውቁታላችሁ፤ ባለፈው ፎቶ ስለጥፍ የሳቃችሁብኝ ክፍል ነው። እኔ 39 ዓመቴ፣ ከእኔ ቀጥሎ ትልቁ ተማሪ 17። ዛሬ አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ላይ ነበርን። ድምፆቹ አንዱ ጋ ይጣበቃሉ፣ አንዱ ጋ ይራራቃሉ፣ ሰው ያሳብዳሉ። ተራዬ ደረሰ።

«ይድገሙልኝ» አለኝ አስተማሪው። ደገምኩ። «እስቲ አንዴ»። ደገምኩ። ከዚያ መዳፉን ክሮቹ ላይ ጭኖ ዝም አሰኛቸው። የክራሬን አፍ ያዘው በሉኝ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ ጆሮ የለዎትም።»

ክፍሉ ጭጭ።

«ማለት?»

«ሙዚቃ ተሰጥኦ ነው። ወይ አለ፣ ወይ የለም። ለምን ልጅዎን አያመጧትም? እሷ ገና ናት፣ ቶሎ ትይዘዋለች።»

«እሷ የምትወደው ስዕል ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም አብረዋት ይሳሉ።»

ሳቁ! አንዱማ ክራሩን አቅፎ ተንከተከተ። እኔስ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። እሺ! የሦስት ወር በቅድሚያ ከፍዬ «እሺ» ብዬ ተቀመጥኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የመለስኩለትን መልስ ግን ብትሰሙ! ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ልክ ልኩን ነገርኩት።

ቆይ ግን፣ ጆሮ ከሌለኝ የታክሲው ስፒከር ሲንሻፈፍ ጥርሴን የሚያስነክሰኝ ምንድን ነው? ትዝታ ሲከፈት ሽንኩርት ሳልከትፍ የሚያስለቅሰኝስ? ኩላሊቴ ነው?

ዜማ የማይለይ ሰው በእርግጥ አለ። ሐኪሞቹ አሚዩዝያ ይሉታል። ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ የሆነ ሰው ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ ነው ብለው ቆጥረዋል። አንዳንዱ የሚያውቀውን ዘፈን እንኳ ያለ ግጥም ብታንጎራጉሩለት አይለየውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ የራሱ ስህተት አይሰማውም። የእኔ በሽታ እኮ ተቃራኒው ነው! ስሳሳት ይሰማኛል። ጣቴ ከማረፉ በፊት «ይሄው ልታበላሽው ነው» ይለኛል ጆሮዬ። ጆሮዬ ደርሷል፣ እጄ ነው መንገድ ላይ የቀረው። ስንቱ ሰው ነው ጆሮው ደህና ሆኖ ጉሮሮው ወይ ጣቱ ስላልታዘዘ ብቻ «አንተ አትችልም» የተባለ?

እኔ ለምሳሌ። አራተኛ ክፍል፣ የወላጆች ቀን፣ ነጭ ቀሚስ በጥልፍ። የመዝሙር አስተማሪያችን መጣችና በጆሮዬ «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አለችኝ። አንቀሳቀስኩ። ይሄው 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ እያንቀሳቀስኩ ነው። ሰርግ ላይ አጨበጭባለሁ እንጂ አልዘፍንም። የገዛ ልጄ ልደት ላይ ከንፈሬን አሞጥሙጬ ነው የማሳልፈው። እናቴ ቪዲዮውን አይታ «ምነው ጥርስሽን አሞሽ ነበር?» ብላኛለች።

እና በ39 ዓመቴ ደፍሬ መጣሁ። ድፍረቴን በአምስተኛው ሳምንት ገደለው።

ማስተማሩን ደግሞ ልንገራችሁ። ክራሩን ያነሳል፣ ትርርርር ያደርጋል፣ «እንዲህ ነው» ይላል። አለቀ። ምኑ ነው እንዲህ? የትኛው ጣት? ቀስ ብለህ አሳየኝ ስለው ቀስ ማለት አይችልም፤ ራሱ ይጠፋበታል። በስድስት ዓመቱ ነው የጀመረው፣ እንዴት እንዳወቀው አያውቅም። እናቴን የሊጡን ውሃ ስንት ላድርገው ስላት «ዓይንሽ ይነግርሻል» እንደምትለኝ ማለት ነው። ዓይኔ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። እንጀራዬን የበላችሁ ታውቃላችሁ።

ቤት ስሆን እኮ ይወጣልኛል! ማታ ልጄ ስትተኛ አንቺሆዬዋን ሁለት ጊዜ ሳልሳሳት ጨርሻታለሁ። ምስክር የለኝም እንጂ። እሱ ፊት ስቀመጥ ነው ጣቴን ማሰብ የምጀምረው። ጣት ደግሞ ከታሰበ ይደናቀፋል። ሰው ሲያያችሁ እንዴት እንደምትራመዱ ግራ ገብቷችሁ አያውቅም? እንደዚያ ነው። ላብ፣ ጉልበት፣ ሁሉም። ከዚያ «ጆሮ የለዎትም»።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ በስልኬ መቃኛ አፕ ቃኝቼ ሄጄ ነበር። ሁሉም አረንጓዴ በርቷል። አንዴ ነካ አደረገና «ስልክዎ ክራር ያውቃል?» አለኝ። እሺ፣ እዚህ ላይ ልክ ነበር። ክራር እንደ ፒያኖ ቁርጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ለዘፋኙ ድምፅ ነው የሚቃኘው። ዋናው ክሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸው ነው። ታዲያ ይሄን ማን ነገረኝ? እሱ? አጠገቤ የምትቀመጠው የ14 ዓመት ልጅ! «እትዬ፣ ክሮቹ ስድስት ቢሆኑም ድምፁ አምስት ነው። ስድስተኛዋ የመጀመሪያዋ ታናሽ እህት ናት። አብረው ሲመቱ ካልተጣሉ ገብቷል ማለት ነው» አለችኝ። ደሞዙን ለእሷ ነበር መስጠት።

ቢሮ ስናገር ደግሞ አንዱ አዋቂ «10,000 ሰዓት ልምምድ ያስፈልግሻል» አይለኝም? ነገሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ የበርሊን የቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት ነው። ያውም የምርጦቹ አማካይ እስከ 20 ዓመታቸው ነው እንጂ የማንም መግቢያ ፈተና አይደለም። ለማንኛውም አሰላሁት። በቀን ግማሽ ሰዓት ነው የማገኘው። ከ54 ዓመት በላይ ይወስዳል። በ94 ዓመቴ ኮንሰርት አለኝ፣ ትኬት ከአሁኑ ቁረጡ።

የባሌ እህት ግን ትብሳለች። ክራሩን ያየች ቀን «አዝማሪ ልትሆኚ ነው እንዴ?» አለችኝ አፏን ሸፍና። እሷው ናት እንግዲህ እርጉዝ ሆና ሆዷ ላይ ሄድፎን አድርጋ ለፅንሱ ሞዛርት ታሰማ የነበረችው! ጎበዝ እንዲሆን። የዚያ ወሬ ምንጭ እኮ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ሞዛርት ሰምተው በአንድ ዓይነት የቅርፅ ጥያቄ ትንሽ የተሻለ ሠሩ፤ እሱም ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ፅንስ አልነበረበትም። የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አገረ ገዥ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 ለአራስ ሁሉ ሲዲ እናድል ብለው ከ100,000 ዶላር በላይ በጀት ጠየቁ። ለሕፃን ሲሆን ሙዚቃ አእምሮ ያሰላል፤ ለእኔ ሲሆን ነውር ነው። የዘፈን ጊዜዬ መቼ ነበር ታዲያ? አራተኛ ክፍል? ያኔማ አፌን እያንቀሳቀስኩ ነበር።

ደክሞኛል። ማክሰኞ ልሂድ አልሂድ አላውቅም። ገንዘቡ አይመለስም፤ ደረሰኙ ላይ በቀይ ተጽፏል። ባለቤቴ «ተይው በቃ፣ ጂም ግቢ» ይለኛል። ጂም ደግሞ ባለፈው ዓመት ምን እንዳሉኝ ረስቶታል።

ቆዩ፣ ይሄን እየጻፍኩ ልጄ መጥታ ሶፋው ላይ ክራሩን ነካካችው። እንዳትነኪው ልላት አፌን ስከፍት ስድስተኛዋ ክር ጮኸች።

ወርዳለች። በጣም ትንሽ፣ ግን ወርዳለች። ከታላቋ ጋር ተጣልተዋል።

ልቃኛት ነው፣ መጣሁ።